የደረቀ ፐርማነንት ማርከር መልሶ ይጽፋል?

ጥያቄው፦ «ከሁለት ዓመት በፊት የገዛኋቸው 6 ፐርማነንት ማርከሮች ደርቀውብኛል። አንዱ ክዳኑ ሳይገጠም ያደረ ነው። አምስቱ ግን ክዳናቸው ተገጥሞ፣ ጫፋቸው ወደ ላይ ሆኖ፣ ኩባያ ውስጥ ቆመው ነበር። ከአምስቱ አንዱን የፈላ ውሃ ውስጥ ነከርኩት፤ ሁለት መስመር ጻፈና መልሶ ደረቀ። ሌላውን ሳኒታይዘር ቀባሁት፤ ጭራሽ ባሰበት። በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሞክሪ ያሉኝም አሉ። ክዳናቸው ጫፍ ላይ ደግሞ ቀዳዳ አየሁ። አየር የሚያስገባው እሱ ከሆነ በፕላስተር ልድፈነው? የምጽፍባቸው ካርቶንና የፕላስቲክ ዕቃ ላይ ነው። ለመሆኑ የደረቀ ማርከር መልሶ ይጽፋል?»

ቀዳዳውን አይንኩት። እሱ ጥፋት የለበትም። የብዙ እስክሪብቶና ማርከር ክዳን የሚበሳው ሆነ ተብሎ ነው። ሕፃን ልጅ ክዳኑን ቢውጥና ጉሮሮው ላይ ቢቀረቀርበት ጥቂት አየር እንዲያልፍለት ታስቦ ነው። አይኤስኦ 11540 የሚባል ዓለም አቀፍ መስፈርት ሳይቀር ወጥቶለታል። እንዲህ ያለ ማርከር ላይ ቀለሙን ከአየር የሚጠብቀው ውስጡ የተደበቀ ሌላ ትንሽ ክዳን ነው። ክዳኑን ወደ ብርሃን አዙረው ወደ ውስጥ ቢያዩ ይታይዎታል። ሲገጥሙት «ቀጭ» ካለ የውስጡ ክዳን ቦታውን ይዟል። «ቀጭ» ካላለ ግን ክዳን ያለው ቢመስልም ክፍት እንደሆነ ይቁጠሩት። ሁለት ዓመት ሙሉ «ተከድኖ» የደረቀ ማርከር ሲገጥመኝ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። «ደረቀ» የሚለው ቃል ራሱ ያሳስታል። አራት የተለያዩ ችግሮች በዚህ አንድ ስም ይጠራሉ። መድኃኒታቸው አንድ አይደለም፤ አንዱማ ጨርሶ መድኃኒት የለውም። የትኛው እንደሆነ ሳይለዩ ፈላ ውሃና ሳኒታይዘር መሞከር፣ ሕመሙን ሳያውቁ የተገኘውን ኪኒን ሁሉ እንደ መዋጥ ነው።

ማርከሩን በሐሳብ እንፍታው። ቀፎው ውስጥ ጥጥ የሚመስል ጥቅል አለ። ብዙውን ጊዜ የፖሊስተር ክር ነው፤ እዚህ ግን እንዲቀለን «ጥጡ» እንበለው። ቀለሙን የተሸከመው እሱ ነው። ጫፉ ደግሞ ተጨምቀው የተጣበቁ ቀጫጭን ክሮች ናቸው። አንደኛው መጨረሻው ውጪ ይታያል፤ ሌላኛው ጥጡ ውስጥ ተሰክቷል። በጫፉ ክሮች መካከል ያለው ክፍተት ጥጡ ውስጥ ካለው ይጠባል። ፈሳሽ ከሰፊው ክፍተት ወደ ጠባቡ ይሳባል፤ የኩራዝ ክር ጋዙን ወደ ላይ እንደሚስበው ማለት ነው። ማርከር ያለ ፓምፕና ያለ ሞተር የሚጽፈው በዚህ ብቻ ነው።

ቀለሙ ራሱ የሦስት ነገሮች ድብልቅ ነው። አንዱ ማቅለሚያው ነው። ሁለተኛው ማቅለሚያውን ዕቃ ላይ የሚያጣብቀው ሙጫ ነው። ሦስተኛው ሁለቱን አሟሙቶ የያዘው ፈሳሽ ነው። ይህ ፈሳሽ ዛሬ በአብዛኞቹ ፐርማነንት ማርከሮች ውስጥ የአልኮል ዘር ነው፤ ኢታኖል፣ ፕሮፓኖል ወይም ቡታኖል። በድሮዎቹ ዛይሊንና ቶሉይን የሚባሉ ራስ የሚያዞሩ ፈሳሾች የተለመዱ ነበሩ። ለብረትና ለጎማ የሚሠሩ አንዳንድ ማርከሮች ዛሬም ይጠቀሙባቸዋል። ሲጽፉ ፈሳሹ በሰከንዶች ውስጥ ይተናል። ማቅለሚያውና ሙጫው ግን ዕቃው ላይ ይቀራሉ። ጽሑፉን የማይለቅ ያደረገው ያ ሙጫ ነው። ውሃ አያሟሟውም፤ አልኮል ግን ያሟሟዋል።

ካርቶኑ ላይ የሚሆነው ነገር፣ ክዳኑ ክፍት ሲተው ጫፉም ላይ ይሆናል። አልኮሉ ይሄዳል፣ ሙጫው ይቀራል። የቀረው ሙጫ በክሮቹ መካከል ያለውን ክፍተት ይደፍናል። ማቅለሚያው ግን የትም አልሄደም። ጥጡም ገና ርጥብ ሊሆን ይችላል። አንደኛው ችግር ይህ ነው፤ የተደፈነ ጫፍ። ከአራቱ ችግሮች የምወደው እሱን ነው፤ የጎደለው አልኮል ብቻ ስለሆነ። ስለዚህ ክዳኑ ተከፍቶ ያደረው ማርከርዎ፣ እርስዎ በጣም ተስፋ የቆረጡበት መሰለኝ፣ ከስድስቱ ሁሉ የተሻለ ዕድል ያለው ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ችግር ቀለሙ ከጫፉ መሸሹ ነው። ማርከር ጫፉ ወደ ላይ ሆኖ ለወራት ሲቆም፣ ቀለሙ በክብደቱ ወደ ታች ይወርዳል። ጫፉ ባዶውን ይቀራል። የእርስዎ አምስቱ የቆሙት እንዲህ ነው። ምንም ያልሆነ ማርከር ደረቀ ተብሎ ቅርጫት ውስጥ የሚገባው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ሦስተኛው ቆሻሻ ነው። ካርቶን ላይ ብዙ የጻፈ ጫፍ የካርቶን ብናኝ ይሰበስባል። ቅባት የነካው ፕላስቲክ፣ የማሸጊያ ፕላስተር ሙጫ፣ አቧራ፣ ገና ያልደረቀ ሌላ ቀለም፣ ሁሉም ጫፉን ይደፍኑታል። አራተኛው ማለቅ ነው። ማቅለሚያው አልቋል። ይህን ማንም አያድነውም። ያለቀ ጥጥ ላይ አልኮል ማፍሰስ፣ ወጡ ያለቀ ድስት ላይ ውሃ ጨምሮ እንደ ማማሰል ነው።

የትኛው እንደሆነ የሚለየው የመጀመሪያው ምርመራ ምንም ወጪ የለውም። ክዳኑን «ቀጭ» እስኪል ይግጠሙ። ጫፉን ወደ ታች አድርገው ማርከሩን ለ24 ሰዓት ያቁሙት። በቃ። በማግስቱ ተራ ወረቀት ላይ ይጫጭሩ። ጫፉ ባዶ ሆኖበት የነበረ ማርከር በዚህ ብቻ ይመለሳል። ከአምስቱ ያልነካኳቸውን ሦስቱን መጀመሪያ እንዲህ ያድርጓቸው። አልኮል የሚባል ነገር ከዚህ በፊት አያስጠጓቸው። ሰው ይህን ደረጃ የሚዘለው አንድ ቀን መጠበቅ ስለሚያንገበግበው ነው።

ሁለተኛው ምርመራ ማቅለሚያ መኖሩን ያሳያል። ሶፍት ወይም የጥጥ ቁራጭ በአልኮል ያርጥቡ። ጫፉን ለ10 ሰከንድ ያህል ተጭነው ይያዙበት። ደማቅ ክብ እየሰፋ ከሄደ ማቅለሚያው አለ፤ የተደፈነው ጫፉ ነው። አዲስ ቦታ ላይ ሁለት ሦስቴ ደጋግመው ሲጫኑት እየነጣ ከሄደና ካላገገመ ግን አልቋል። ጥቁር ማርከር ደግሞ እያለቀ ሲሄድ ሐምራዊ ወይም ቡናማ ነገር ሊያወጣ ይችላል። ብዙው ጥቁር ቀለም ከተለያዩ ማቅለሚያዎች የተቀላቀለ ስለሆነ፣ አንዱ ከሌላው ቀድሞ ይታጠባል። ይህን ሲያዩ አይልፉ፤ ይጣሉት።

ስለሞከሯቸው ነገሮች ደግሞ ላስረዳ። የፈላ ውሃው ሁለት መስመር ያስጻፈው ውሃ ስለሆነ ሳይሆን ስለሞቀ ነው። ሙቀት ቀፎው ውስጥ ያለውን አየር ያሰፋል፤ የሰፋው አየር ጥቂት ቀለም ወደ ጫፉ ይገፋል። ሲቀዘቅዝ ነገሩ ወደ ነበረበት ይመለሳል። በዚያ ላይ አሁን ጫፉ ውስጥ ውሃ ገብቷል። ሙጫው ደግሞ ከውሃ ጋር አይስማማም። በአልኮል ውስጥ ሟሙቶ የነበረው ሙጫ ውሃ ሲያገኝ ይረጋል። ስለዚህ ድፍኑ ላይ ሌላ ድፍን ጨመሩበት ማለት ነው። ፈላ ውሃ የሚለው ምክር ጨርሶ መነሻ የለውም ማለቴ አይደለም። ውሃ ነክ ቀለም ላላቸው ማርከሮች ለብ ያለ ውሃ ይሠራል። ምክሩ የተነገረው ለሌላ በሽተኛ ነው።

ሳኒታይዘሩ ያሳሳተዎት «አልኮል አለበት» ተብሎ ስለተጻፈበት ይሆናል። አልኮሉስ አለ። ግን ፈሳሹን ወፍራም ያደረገው ነገርም አብሮ አለ፤ እጅ እንዳይደርቅ የሚጨመረው ግሊሰሪንም እንዲሁ። አልኮሉ ሲተን እነዚህ ጫፉ ላይ ይቀራሉ። ሽቶም ከዚህ አይለይም፤ ዘይት አለበት።

የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ትንሽ ይለያል። ውስጡ አሴቶን ካለ የደረቀውን ሙጫ ብዙ ጊዜ ያሟሟል። ችግሩ ሌላውንም ያሟሟል። የአንዳንድ ማርከር ቀፎ የተሠራበትን ፕላስቲክ ያለሰልሳል። የጫፉን ክሮች ያያያዘውን ነገርም ሊፈታው ይችላል፤ ያኔ ጫፉ እንደ አሮጌ ብሩሽ ይበተናል። በተጨማሪም አሴቶን የሚፈላው በ56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ኢታኖል በ78፣ አይሶፕሮፒል አልኮል በ82፣ ቡታኖል ደግሞ በ117 ዲግሪ ይፈላሉ። የመፍያ ነጥቡ ዝቅ ያለ ፈሳሽ በተራ የክፍል ሙቀትም ቶሎ ይተናል። አሴቶን ለአምስት ደቂቃ ያጽፍዎታል፤ ከዚያ የባሰ ይደርቃል። አሴቶን የሌለበት ዓይነት ደግሞ ዘይትና መዓዛ ይጨመርበታል። ሁለቱንም አልመክርም። ቤንዚንና የቀለም ማቅጠኛውን ይተዉት፤ ለአንድ ማርከር ብሎ እንዲህ ያለ እንፋሎት መተንፈስ ዋጋ የለውም።

የሚያስፈልግዎት ንጹሕ አይሶፕሮፒል አልኮል ነው፤ 90 በመቶና ከዚያ በላይ። ጠርሙሱ ላይ መጠኑ ይጻፋል። 70 በመቶው የተለመደ ነው፤ ግን ቀሪው 30 እጅ ውሃ ነው። ውሃ ምን እንደሚያደርግ አይተናል። ሌላ ከሌለ ጫፍ ለማጠብ ያገለግላል፤ ጥጡ ውስጥ ለመጨመር ግን አልጠቀምበትም። 95 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ ኢታኖልም ጥሩ ነው። ሜታኖል የተቀላቀለበት የነዳጅ አልኮል ግን አይሁን። ሜታኖል በቆዳም በትንፋሽም ይገባል፤ መርዝ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት ማርከርዎ በእርግጥ የአልኮል ዘር መሆኑን ያረጋግጡ። ቀላል መንገድ አለ። በዚሁ ማርከር ድሮ የተጻፈበት የፕላስቲክ ዕቃ ይፈልጉ። በአልኮል የረጠበ ጥጥ ጽሑፉ ላይ ያሳርፉ። ወዲያው ቀልጦ ጥጡን ካቀለመው ትክክለኛውን ፈሳሽ ይዘዋል። ጽሑፉ ፈጽሞ ካልተነቃነቀ፣ ማርከሩ የዘይት ቀለም ወይም የዛይሊን ዘር ሊሆን ይችላል። ያን ቤት ውስጥ ለመጠገን አይሞክሩ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጠረጴዛው ላይ የማይፈልጉትን ካርቶን ያንጥፉ። ጓንት ያድርጉ፤ ይህ ቀለም ከጣት በአንድ ቀን አይለቅም። መስኮት ይክፈቱ። ትንሽ የጠርሙስ ክዳን ውስጥ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው አልኮል ይጨምሩ። የማርከሩን ጫፍ ብቻ ለ5 ሰከንድ ይንከሩ። አውጥተው ሶፍት ላይ ይጫኑት። ሶፍቱ ላይ የሚቀረውን ይዩ፤ መጀመሪያ የደረቀ ሙጫና ብናኝ ይወጣል፣ ቀጥሎ ንጹሕ ቀለም። ሁለት ሦስቴ ይድገሙ። ቀለሙ መፍሰስ ሲጀምር ያቁሙ። ክዳኑን ገጥመው ጫፉን ወደ ታች አድርገው ያሳድሩት። በማግስቱ ነው የሚጻፈው። ወዲያው ከጻፉ የሚወጣው የታጠበ ቀጭን ቀለም ስለሆነ «አልተሳካም» ብለው ያለ ምክንያት ይጥሉታል።

ለምን 5 ሰከንድ ብቻ? እኔ አንድ ጊዜ ጫፉን ነክሬ ስልክ ተደውሎልኝ ወጣሁ። ስመለስ ክዳኑ ውስጥ ያለው አልኮል ከሰል መስሏል። ማርከሩ ደግሞ ከዚያ በኋላ ግራጫ እንጂ ጥቁር ጽፎ አያውቅም። ማቅለሚያው ከጥጡ ወደ ክዳኑ ተሳበ፤ መልሼ ላስገባው አልችልም። አልኮል ቀለሙን መመለስ ብቻ ሳይሆን መጠጣትም ይችላል።

ነክረውት ካልሠራ ጫፉን መንቀል ነው። ወረንጦ ወይም ትንሽ ፒንሳ በሶፍት ጠቅልለው ጫፉን ቀጥ አድርገው ይሳቡ። አያጣሙት፤ አያዟዙሩት። ብዙ ክብ ጫፎች በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት ናቸው። ሲነቅሉት ጥጡ ውስጥ የነበረው ወገን ንጹሕና ርጥብ ሆኖ ያገኙታል። ገልብጠው መልሰው ይሰኩት፤ አዲስ ጫፍ አገኙ ማለት ነው። ፈላ ውሃና ሳኒታይዘር ያገኙት ሁለቱ ማርከሮችዎ ላይ በመጀመሪያ የምሞክረው ይህን ነው። ቆሻሻው የገባው በውጪው ጫፍ በኩል ነውና። አንዳንድ ጫፍ ግን በአንድ በኩል ብቻ ነው የተቀረጸው፤ እሱን በአልኮል አጥቦ በዚያው አቅጣጫ መመለስ ነው። በቀላሉ ካልተነቀለ ይተዉት። ጉልበት ሲበዛ ቀለሙ ይረጫል፤ ሸሚዝም ግድግዳም አይምርም።

ጫፉ ተነቅሎ ሳለ ጥጡን ይዩ። ገና ርጥብ ከሆነ ምንም አይጨምሩበት። ነክተውት ደረቅና ጠጣር ከሆነ፣ ሶፍቱ ላይ ግን ደማቅ ቀለም ከሰጠ፣ የተነነው ፈሳሹ ነው። በማንጠባጠቢያ ወይም መርፌው በተነቀለ ሲሪንጅ ከ3 እስከ 5 ጠብታ አይሶፕሮፒል አልኮል በቀዳዳው ያስገቡ። ጫፉን መልሰው ይሰኩ፣ ክዳኑን ይግጠሙ፣ አግድም አስተኝተው 24 ሰዓት ይጠብቁ። ፈሳሹ ጥጡ ውስጥ እኩል እንዲዳረስ ጊዜ ይፈልጋል። ካልበቃው 3 ጠብታ ይጨምሩ። ከዚያ በላይ አይሂዱ። የማርከር ጥጥ ሲሞላ አይናገርም፤ የሚናገረው ሲያፈስ ነው። የኋላውን መዝጊያ ሰብረው አልኮል አፍስሱ የሚሉ አሉ። አልስማማም። ያ መዝጊያ ተመልሶ እንደ ነበረው አይገጥምም፤ ማርከሩም በዚያ በኩል መትነን ይጀምራል።

አንድ ነገር በጣም አደራ። አልኮል ባለበት ቦታ እሳት አይኑር። ምድጃም፣ ሻማም፣ ሲጋራም። የአይሶፕሮፒል እንፋሎት ለመያያዝ መሞቅ አያስፈልገውም፤ እሳት ካገኘ በተራ የክፍል ሙቀትም ይያያዛል። ማርከርን ማይክሮዌቭ ውስጥ መክተት ወይም በፀጉር ማድረቂያ ማሞቅ የሚሉትን ምክሮች ከዚህ አንጻር ይመልከቷቸው። ልጆች ባሉበት ደግሞ አልኮሉን በውሃ ኩባያ አይቅዱ። ውሃ ይመስላል።

ተሳካ እንበል። ምን አገኙ? የቀጠነ ቀለም ያለው ማርከር። ፋብሪካው የተለያየ ፍጥነት ያላቸውን አልኮሎች አመጣጥኖ ነው የሚቀላቅለው። ቀስ ብሎ የሚተነው ጫፉን ርጥብ አድርጎ ያቆያል፤ ፈጥኖ የሚተነው ጽሑፉን ቶሎ ያደርቃል። እርስዎ የመለሱት አንዱን ብቻ ነው። ስለዚህ የታደሰ ማርከር ክዳኑ ሲከፈት ከአዲስ ቀድሞ ይደርቃል። መስመሩ ትንሽ ይነጣል፤ ወረቀትና ካርቶን ላይ ጠርዙ ይሰራጫል። ፕላስቲክ ላይ የሚቀረው ሽፋንም ስስ ስለሚሆን በፍትጊያ ቶሎ ይጠፋል። የካርቶን ሳጥን ላይ «የክረምት ልብስ» ብሎ ለመጻፍ ይህ ሁሉ ግድ አይሰጥም። የመድኃኒት ጠርሙስ፣ የኬሚካል ዕቃ ወይም የኤሌክትሪክ መስመር ላይ ግን በታደሰ ማርከር አይጻፍ። ጽሑፉ ሲደበዝዝ የሚያመጣው ስሕተት ከማርከር ዋጋ ጋር አይወዳደርም። በነገራችን ላይ፣ ብዙው አዲስ ፐርማነንት ማርከርም ቢሆን ፀሐይን አይችልም። «ፐርማነንት» የተባለው ለውሃ ነው። ማቅለሚያው በፀሐይ ብርሃን ይነጣል።

ሰዎች ደጋግመው የሚያደርጉት ሌላ ስሕተት አለ። የደረቀውን ፐርማነንት ማርከር በዋይትቦርድ ማርከር ቀለም መሙላት። ሁለቱም የአልኮል ዘር ስለሆኑ ይጽፋል። ግን የዋይትቦርድ ቀለም ውስጥ ሰሌዳው ላይ እንዳይጣበቅ የሚያደርግ ዘይት መሳይ ነገር አለ። ያ ነገር ጥጡ ውስጥ ከገባ፣ ፐርማነንት ማርከርዎ በጨርቅ የሚጠረግ ይሆናል። በተቃራኒው ግን ዝምድናቸው ይጠቅማል። ሰሌዳ ላይ በስሕተት በፐርማነንት የተጻፈን ነገር በዋይትቦርድ ማርከር ደርበው ቢጽፉበትና ወዲያው ቢጠርጉት ይነሳል፤ አልኮሉ የታችኛውን ሙጫ ስለሚያሟሟው ነው።

የሌሎቹ ዓይነቶች ነገር አጭር ነው። ሃይላይተርና የልጆች ፌልት ፔን ውሃ ነክ ናቸው፤ ጥቂት የተጣራ ውሃ ይበቃቸዋል። ሲነቀነቅ ውስጡ ኳስ የሚንኳኳበት የቀለም ማርከር ክዳኑ ተገጥሞ በደንብ ይናጥ፣ ከዚያ ጫፉ ወረቀት ላይ ተደጋግሞ ይጫን፤ አልኮል አያስፈልገውም። እንደ ኤዲንግ 3000 ያሉ እንዲሞሉ ተደርገው የተሠሩ ማርከሮች ደግሞ የራሳቸው መሙያ ቀለምና መለዋወጫ ጫፍ አላቸው። እንደዚያ ያለ ማርከር ካለዎት አልኮል ጠብታ ውስጥ አይግቡ፤ ቀለሙን ይግዙለት።

ለስድስቱ የምመክረው እንግዲህ ይህ ነው። አራቱን፣ ማለትም ያልነካኳቸውን ሦስቱንና ክፍት ያደረውን፣ ዛሬ ማታ ክዳናቸውን ገጥመው ጫፋቸውን ወደ ታች ያቁሙ። ነገ የጻፉትን ይለዩ፤ እነሱ ምንም አልሆኑም። ያልጻፉትን የ5 ሰከንዱን መንከር ያድርጉላቸው። ክፍት ያደረው ይህን መፈለጉ አይቀርም። ፈላ ውሃና ሳኒታይዘር ያገኙትን ሁለቱን ጫፋቸውን ነቅለው ይገልብጡ። ጥጥ ውስጥ ጠብታ መጨመር የመጨረሻው ሙከራ ነው፤ እሱንም በአንድ ማርከር ላይ አንድ ዙር ብቻ። ጠብታ የተጨመረበትን ቀፎው ላይ ጭረት ያድርጉበት። ጭረት ያለበት ማርከር ዳግመኛ ሲደርቅ ቅርጫት ነው የሚገባው። አልኮሉን ደግሞ ቤት ውስጥ ካለዎት ብቻ ይጠቀሙ። ለአንድ ማርከር ብሎ ጠርሙስ አልኮል መግዛት አያዋጣም፤ አዲስ ማርከር ይግዙ።

ከዚህ በኋላ ኩባያውን ለእርሳስ ይተዉለት። ማርከሮቹን መሳቢያ ውስጥ አግድም ያስተኟቸው፤ በተለይ በሁለቱም በኩል ጫፍ ያላቸውን። ፀሐይ የሚመታው መስኮት ሥርና የቆመ መኪና ውስጥ አይተዉአቸው። ፕላስቲክ ላይ ከመጻፍዎ በፊት ቅባቱን በዚያው አልኮል ይጥረጉት፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ይጻፉ። የማሸጊያ ፕላስተር ላይ መጻፍ ግድ ከሆነ ጫፉን ወዲያው ወረቀት ላይ ይጥረጉ። ክዳን ላይ የለጠፉት ፕላስተር ካለ ደግሞ አሁኑኑ ይላጡት፤ ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ያ ቀዳዳ ሥራ አለው።